የዱባ ፓንኬክ፣ ስንዴ ሳይነካው

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ የጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት። እትዬ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሳምንት አልሞላቸውም። አባወራው የወንድማቸው ልጅ ነው። የሰባት ዓመት ሴት ልጁ ሚጣ ሴሊያክ የሚባል ሕመም ከተገኘባት ወዲህ ማጀቱን የያዘው እሱ ነው። ልጅቷ ገና አልተነሣችም።

እትዬ፦ ይሄን ሁሉ ዱባ ምን ልታደርገው ነው? ደጅ ደረጃው ላይ የተኮለኮለው አይበቃህም?

አባወራ፦ ደጅ ያለው ለጌጥ ነው እትዬ። ለሃሎዊን ዓይንና አፍ እየቀረጹ ሻማ የሚያበሩበት ነው። ውስጡ ውሃና ክር ነው፤ ቢበስልም አይጥም። ለምግብ የሚሆነው ይሄ ትንሹ ነው። እሱ ሲጠፋ አረንጓዴ ልጣጭ ያለውን፣ ካቦቻ የሚሉትን የጃፓኖቹን ዱባ እገዛለሁ። እንዲያውም ያገራችንን የሚያስታውሰኝ እሱ ነው፤ ሥጋው ደረቅና ጣፋጭ ነው።

እትዬ፦ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባል የለ! ታዲያ ወጥ ነው? እኔ ጽጌን እየጾምኩ ነው፤ ቅቤ እንዳታስነካብኝ።

አባወራ፦ ወጥ አይደለም፤ ፓንኬክ ነው። ሚጣ ቅዳሜ ያለ ፓንኬክ አይሆንላትም። ለእርስዎ የጾሙን ለብቻ እናወጣለን።

እትዬ፦ የልጅቷ ጣጣ ስንዴው አይደል እንዴ? ስንዴውን በጤፍ ትተካና ያልቃል። ዱባው ምን ቤት ነው?

አባወራ፦ ዱባው ለጣዕም ብቻ አይደለም የገባው። ስንዴ ሲቦካ ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን እየተሳበ መረብ ይሠራል፤ አየሩን ይዞ ሊጡን የሚያነፋው፣ ዳቦ ሲቆረስ የሚለጠጠው እሱ ነው። ጤፍ ያ መረብ የለውም። ጤፍን በእንቁላልና በወተት በጥብጠው መጥበሻ ላይ ቢያፈሱት ሲገለበጥ ይሰነጠቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይፈረፈራል።

እትዬ፦ አሁን እሱን ለኔ ነው የምትነግረኝ? እንጀራው ምንድን ነው ታዲያ? ያ ሁሉ ዓይን ከየት መጣ? ሲጠቀለል ተሰንጥቆ ያውቃል?

አባወራ፦ እርስዎ የጋገሩት አይሰነጠቅም። ለምን ይመስልዎታል?

እትዬ፦ አብሲቱ ነዋ! ከቦካው ሊጥ ላይ ቀንሰህ፣ በፈላ ውሃ አገንፍተህ፣ አብስለህ ትመልስበታለህ። አብሲት ያልተጣለበት እንጀራ ምን እንጀራ ነው? ዓይኑ ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ይሰባበራል።

አባወራ፦ ይኸው ነው! አብሲት ማለት የበሰለ ስታርች ነው። ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይጣበቃል፤ ጥሬውን ሊጥ አያይዞ አየሩን እንዳያመልጥ ያግደዋል። ዱባውንም ቀድሜ የማበስለው ለዚህ ነው። የበሰለ ዱባ ውስጥ ያለው ስታርችና ፔክቲን ጤፉን ያያይዘዋል። ግሉተንን ባይተካም ግማሹን ሥራ ይሠራለታል። የቀረውን እንቁላሉ ይጨርሰዋል።

እትዬ፦ እሺ፣ አስተማርኩህ ማለት ነው። ቀቅለኸዋል ታዲያ?

አባወራ፦ አልቀቀልኩትም። ዱባ ራሱ ከመቶ ዘጠና እጁ ውሃ ነው፤ ሲቀቀል ደግሞ ሌላ ውሃ ይጠጣል። ለወጥ ችግር የለውም፤ ለፓንኬክ ግን ገዳይ ነው፤ ላዩ ቡኒ ሆኖ መሀሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ማታ ለሁለት ሰንጥቄ፣ ፍሬውን አውጥቼ፣ በሆዱ ደፍቼ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። በፋራናይት 400፣ በሴልሺየስ 200 ገደማ፤ አንድ ሰዓት ቆየ። ልጣጩ ሲጨማደድና ቢላ ያለ ትግል ሲገባ በስሏል። ከዚያ በማንኪያ ጠርጌ፣ አድቅቄ፣ በስስ ጨርቅ ወንፊት ላይ አሳደርኩት። ይዩት ከሥር የወረደውን ውሃ።

እትዬ፦ አንድ ኩባያ ይሆናል! በቅቶታል በምን አወቅህ?

አባወራ፦ አንድ ማንኪያ ሰሃን ላይ ያስቀምጡና ጥቂት ይጠብቁ። በዙሪያው የውሃ ቀለበት ከሠራ ገና ነው። ካልሠራና እንደ ገንፎ ቁልል ካለ ደርሷል። ቸኩያለሁ የሚል ሰው ደረቅ መጥበሻ ላይ እያማሰለ ውሃውን ሊያተን ይችላል።

እትዬ፦ ሱቅ ውስጥ በቆርቆሮ ያየሁትስ? ዱባ በቆርቆሮ አይቼ ጉድ አልኩ።

አባወራ፦ እሱም ክፉ አይደለም፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አብዛኛው የሚታረሰው ኢሊኖይ ውስጥ ነው፤ ሞርተን የምትባለዋ ከተማ በዚሁ ነው የምትታወቀው። ዘሩም ከዚህ ደጃፍ ላይ ካለው የተለየ፣ ቆዳው ፈዘዝ ያለ ዱባ ነው። መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ነገር፣ ጎን ለጎን የሚደረደር ስኳርና ቅመም የገባበት የፓይ ሙሊት አለ፤ ቆርቆሮዎቹ መንታ ናቸው። ከጀርባው «ዱባ» ብቻ የሚለውን ነው ማንሣት።

እትዬ፦ በል ጤፉን ላምጣልህ። ሻንጣዬ ውስጥ አለልህ፤ ማኛ ነው፤ በእጄ አበጥሬ፣ ወፍጮ ቤት ቆሜ ያስፈጨሁት።

አባወራ፦ እትዬ፣ እሱን… ለሚጣ አልሠራበትም።

እትዬ፦ ምን አልክ?

አባወራ፦ እኔና እናቷ እንበላዋለን፤ እንጀራ ይጋገርበታል። ለሷ ግን አይሆንም።

እትዬ፦ ተሸክሜው ውቅያኖስ ተሻግሬ! ጤፍ ስንዴ የለበትም ብለህ በስልክ የነገርከኝ አንተ ራስህ አይደለህ?

አባወራ፦ ጤፉ የለበትም፤ ወፍጮው ነው ያለበት። ከእርስዎ ፊት ተሰልፎ የነበረው ሰው ምን ነበር የሚያስፈጨው?

እትዬ፦ …በሶ ነበር። አንዲት ሴትዮ የበሶ ገብስ ይዛ ነበር። ቢሆንም ባለወፍጮው መጀመሪያ የወረደውን ለብቻ አውጥቶልኛል።

አባወራ፦ ደግ አድርጓል፤ ግን አይበቃም። እዚህ አገር የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ደንብ አለ። «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የሚሸጥ ነገር በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊግራም በታች መሆን አለበት። ይህን ያህል ግሉተን ሩብ ግራም ገደማ የስንዴ ዱቄት ውስጥ አለ። ኪሎ ጤፍ ውስጥ ሩብ ግራም ከገባ አለቀ ማለት ነው።

እትዬ፦ ሩብ ግራም? ወፍጮ ቤት ገብቼ ስወጣ ነጠላዬ ላይ የሚቀረው ከዚያ ይበልጣል!

አባወራ፦ እኔም የምለው እሱን ነው።

እትዬ፦ እንግዲያውማ ሳላስፈጨው ነበር ማምጣት። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ በጠባብ ወንፊት ሲነፋ እሱ ያልፋል፣ ስንዴና ገብሱ ከላይ ይቀራል። ምን ችግር አለው? ከዚያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እዚሁ ይፈጫል።

አባወራ፦ ይሄን ማንም አልነገረኝም። የሐኪም ቤቷ የአመጋገብ ባለሙያም አላነሣችውም።

እትዬ፦ እሷ ጤፍ አበጥራ ታውቃለች? ለመሆኑ የትኛውን ጤፍ ነው የምትጠቀመው?

አባወራ፦ ይሄ ከረጢት አይዳሆ የበቀለ ጤፍ ነው። ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ሠርቶ ተመልሶ እዚያ መዝራት ጀመረ። የምገዛው ከረጢቱ ላይ ከግሉተን ነጻ ስለመሆኑ የተጻፈበትን ብቻ ነው። ጽሑፉ ከሌለ የጤፍ ስም ብቻውን አያስተማምነኝም።

እትዬ፦ ከኢትዮጵያዊ ቤት ሆኖ ጤፍ ከአይዳሆ! እሺ ይሁን። እንጀራውንስ ከሱቅ ትገዙላታላችሁ?

አባወራ፦ አንገዛላትም። እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ብዙው ድብልቅ ነው፤ ስንዴ ወይም ገብስ ይገባበታል፤ ጤፉ ስለሚወደድም፣ ቶሎ እንዲነፋም። አገር ቤትስ ቢሆን እርሾውን ከጎረቤት ተውሰን አይደል የምናቦካው? የጎረቤት እርሾ ውስጥ ምን እንደነበረ ማን ያውቃል? የሷን እርሾ ለብቻ አስነሥቼ በክዳን ነው የማስቀምጠው።

እትዬ፦ ልጄ፣ አትቀየመኝ፣ ግን ይሄ ነገር እውነት በሽታ ነው? ያኔ ሆዷ ሲነፋ፣ ሲያስቀምጣት፣ እኛ ጃርዲያ ነው ብለን ነበር።

አባወራ፦ ሁሉም ጃርዲያ ነው የሚለው። ሆድ ከተነፋ ጃርዲያ፣ ካልሆነ አሜባ! ለዚህ ነው ብዙ ሰው ሳይታወቅለት የሚኖረው። ሴሊያክ ግን ጀርም አይደለም፤ አለርጂም አይደለም። በተፈጥሮ የተጋለጠ ሰው ግሉተን ሲበላ የራሱ የሰውነት መከላከያ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃል። ምግብ የሚመጥጡት ደቃቅ ጣት መሳዮች ይረግፋሉ፤ በልታም የበላችው አይደርሳትም። ቁመቷ የቆመው፣ ደሟ ያነሰው በዚህ ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ስንዴ፣ ገብስ፣ ራይ ዕድሜ ልክ አለመቅመስ።

እትዬ፦ ዕድሜ ልኳን! በሶ የለ፣ ገንፎ የለ፣ ቆሎ የለ?

አባወራ፦ የሽምብራ ቆሎ አለ። ግን የሚጠረጥር ሰው ካለ ይሄን ይንገሩልኝ፤ ከመመርመሩ በፊት ስንዴ እንዳያቆም። ካቆመ የደም ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል። መጀመሪያ ምርመራው ይለቅ፣ ከዚያ ነው ምግቡን መለወጥ።

እትዬ፦ ስንዴ መሆኑንስ ማን ደረሰበት? የሰው ልጅ ሁሉ ይበላው የለ!

አባወራ፦ ረሀብ ነው የገለጠው። ዊለም ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል ባሉት የብርድ ወራት ሆላንድ ተራበች፤ ዳቦ ጠፋ። አገሩ ሁሉ ሲከሳ የሱ ታማሚዎች ተሻላቸው። ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ሰውዬው ከጦርነቱ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበርና እ.ኤ.አ. በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉን በዚሁ ጉዳይ አወጣ።

እትዬ፦ ሆላንድ? ጤፋችንን በስማቸው ያስመዘገቡት እነሱ አይደሉም?

አባወራ፦ አንድ ኩባንያቸው ነው። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በፓተንት ይዞት ነበር። ደግነቱ እዚያው ሄግ ያለ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ምንም አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሻረው።

እትዬ፦ የዳኞቹን እጅ ይባርክ! በል እንሥራ፤ ልጅቷ ልትነሣ ነው። ማማሰያ የት አለ?

አባወራ፦ ያንን አይንኩት! የእንጨት ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ የቆየ ሊጥ ይቀራል። የሷ ዕቃ ሁሉ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት ነው። መጥበሻዋም፣ ጭልፋዋም፣ ወንፊቷም። ምጣድ ላይ አልሠራላትም፤ ማሰሻው ጨርቅ ስንት ዓይነት ሊጥ እንደነካ ያውቁታል።

እትዬ፦ ማሰሻ ድሮም አይታመንም። እሺ፣ ስጠኝ ቀይዋን።

አባወራ፦ አንድ ኩባያ ጤፍ እዚህ። ሩብ ኩባያ የካሳቫ ስታርች፤ ሲነከስ ለስለስ እንዲል ነው።

እትዬ፦ ቡላ አይሻልም? እንሰት ከስንዴ ጋር ምን አገናኘው?

አባወራ፦ ቡላ ቢገኝማ የተሻለ ነበር፤ ሲነካ ሐር ነው። ግን እዚህ ሱቅ የሚሸጠው ምንም ባልተጻፈበት ላስቲክ ነው፤ የተቀዳው ደግሞ ስንዴው በተቀዳበት ማንኪያ ይሆናል። የጤፉ ታሪክ ነው የሚደገመው።

እትዬ፦ ገባኝ፣ ገባኝ።

አባወራ፦ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፤ የኛ በበቆሎ ስታርች የተሠራ መሆኑን አይቼበታለሁ። ቁንጥር ጨው። ቀረፋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። እዚህ ሰው ቅርንፉድና ገውዝም ይጨምራል፤ እኔ በሱ ፋንታ ኮረሪማ አደርጋለሁ።

እትዬ፦ ኮረሪማውን በፍሬው ገዝተህ ፈልፍለህ ነው መቼም፣ የተፈጨ አይደለም?

አባወራ፦ በፍሬው ነው። አሁን ራስዎ መጠርጠር ጀመሩ!

እትዬ፦ አንተ አስጀመርከኝ እንጂ።

አባወራ፦ እዚህኛው ሳህን ውስጥ ደግሞ ውሃው የወጣለት ዱባ፣ አንድ ኩባያ ሞልቶ ያልፈሰሰ። ሁለት እንቁላል፣ ከግማሽ ኩባያ ትንሽ በለጥ ያለ ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ማንኪያ ማር። መትተን ዱቄቱ ላይ እንገለብጠዋለን። የስንዴ ፓንኬክ ብዙ ካማሰሉት ግሉተኑ ይጠነክርና ጎማ ይሆናል። ይሄ ግን ግሉተን የለውም፤ እንደ ልብዎ ያማስሉት።

እትዬ፦ ወፍራም ነው። ውሃ ልጨምር?

አባወራ፦ እንዳይጨምሩ! ሩብ ሰዓት እንተወው። ጤፍ ውሃ የሚጠጣው በዝግታ ነው፤ ሳይቆይ ከተጋገረ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከቆየ በኋላ ከበዛ ውፍረቱ ያኔ ጠብታ ወተት ይጨመርበታል። ከጭልፋ ላይ የሚፈስ ሳይሆን ዱብ ብሎ የሚወድቅ ነው መሆን ያለበት።

እትዬ፦ የእኔስ፣ የጾሙ?

አባወራ፦ ተልባውን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።

እትዬ፦ አምጣ። እህ፣ ይሄስ ተለቅሟል?

አባወራ፦ ፍሬ በፍሬ ለቅሜዋለሁ፤ ይህች የቡና መፍጫ የሷ ናት፤ ቡና አይቷት አያውቅም።

እትዬ፦ በል ፍጨው። ለአንድ እንቁላል ስንት ነው?

አባወራ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ። አሥር ደቂቃ ሲቆይ ይሙለጨለጫል፤ ያ ሙልጭልጩ ነው የሚያያይዘው። በወተቱ ፋንታ የኮኮናት ወተት።

እትዬ፦ ተልባን ለጨጓራ ስንጠጣው ኖርን እንጂ እንቁላል ይሆናል ያለን የለም። ሱቅ የተዘጋጀ የለም እንዴ? ይሄን ሁሉ ድካም!

አባወራ፦ ሞልቷል። በካርቶን ይሸጣል፤ የሩዝ ዱቄት፣ ስኳርና ዛንታን ገም ነው። ዋጋው የስንዴውን እጥፍ ነው፤ ጣዕሙ ነጭ ወረቀት። ከስንዴ ጋር እንዲመሳሰል ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሁልጊዜ የጎደለው ነገር ነው የሚታየው። ይሄ የጤፍና የዱባው ግን የራሱ መልክ አለው። ቡኒ ነው፣ ከበድ ይላል፣ ጤፉ ለውዝ ለውዝ ይላል። ሚጣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ቢያዩትም አታፍርበትም።

እትዬ፦ መጥበሻው ጋለ፤ ላፍስሰው?

አባወራ፦ እሳቱን ይቀንሱት፤ ከመካከለኛው ዝቅ። ዱባ ስኳር አለው፤ ቶሎ ያራል። ትንንሽ ያድርጓቸው፤ መዳፍዎን ያክሉ፤ ትልቅ ከሆነ ሲገለበጥ ይሰበራል።

እትዬ፦ የመጀመሪያዋ ማሟሻ ናት። …ዓይን አላወጣችም! እስከ መቼ ልጠብቅ?

አባወራ፦ ዓይን አይጠብቁ። የስንዴው ነው አረፋ አረፋ የሚለው። የዚህኛውን ዳር ይዩት፤ ማብረቅረቁን ሲተውና ማንሻው ከሥሩ ሳይጣበቅ ሲገባ ይገልብጡት። ሦስት ደቂቃ ገደማ። ከገለበጡ በኋላ እንዳይጫኑት።

እትዬ፦ አየህ፣ ዞረች! ጀርባዋ ቡኒ ሆነ። ሽታው ደግሞ… ኮረሪማው ቀድሞ ወጣ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቁርባኑስ? መገበሪያው ስንዴ አይደል?

አባወራ፦ እሱን ከንስሐ አባታችን ጋር እየተነጋገርንበት ነው። እኔ ማጀት ውስጥ የምፈታው ነገር አይደለም።

እትዬ፦ እሱስ እውነት ነው። አምስት ወጡ። የተረፈው ይጣላል?

አባወራ፦ ኧረ አይጣልም! በብራና ወረቀት እየለየሁ ፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ቶስተር ውስጥ ነው የሚገቡት፤ የሷ ቶስተር ያ ፕላስተር ያለበት ነው። እኛ ዳቦ የምንጠብስበት ቶስተር ውስጥ ከገቡ የለፋነው ሁሉ ከንቱ ነው።

እትዬ፦ ትምህርት ቤትስ ማን ያሞቅላታል?

አባወራ፦ ማንም። የትምህርት ቤቱን ማይክሮዌቭ አላምነውም። ቀዝቃዛውን ነው የምትበላው። ደግሞ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠብቀው፤ ሲሞቅ መሀሉ ገና ለስላሳ ነው።

እትዬ፦ እንዲህ ከሆነማ ያችን የተልባዋን ለኔ አስቀምጥልኝ፤ ጽጌ የፈቃድ ጾም ቢሆንም እስከ ስድስት ሰዓት ምንም አልቀምስም። እስከዚያ ትቀዘቅዛለች።